አስታ ኒልሰንን ለማየት የትኛው ቅጂ ይሻላል? የዴንማርኩ ነጻ ገጽና የ«ሐምሌት» ዲቪዲ ሲገመገሙ

ድምፅ አልባ ፊልም ሲባል ብዙ ሰው ላይ የሚመጣው ምስል አንድ ነው፦ ሰዎች እንደ ንብ መንጋ የሚራወጡበት፣ ዓይናቸውን እያጉረጠረጡ ደረታቸውን እየደቁ የሚያለቅሱበት፣ ጭረት የሞላው ፊልም። ይህን ስም ያተረፉላቸው ግን ተዋንያኑ ራሳቸው አይደሉም። በተሳሳተ ፍጥነት የተገለበጡ፣ ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ሲወጣ ፊት የጠፋባቸው፣ ጠርዛቸው የተቆረጠ ቅጂዎች ናቸው ያተረፉላቸው። በዚህ ከማንም በላይ የተጎዳችው ደግሞ ዴንማርካዊቷ አስታ ኒልሰን ነች። የእሷ ትወና በዝግታ፣ በዓይን፣ በትከሻ ትንሽ እንቅስቃሴ ላይ የቆመ ስለሆነ ፍጥነቱ ሲበላሽ ትወናው አብሮ ይበላሻል።

ስለዚህ ይህ ግምገማ የሚያተኩረው ሥራዋን በደህና ሁኔታ ማየት በሚቻልባቸው ሁለት መንገዶች ላይ ነው። አንደኛው የዴንማርክ ፊልም ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው «ስቱምፊልም ዶት ዲኬ» የተባለው ነጻ ገጽ ነው። ሁለተኛው «ኤዲሲዮን ፊልምሙዜዩም» በተባለው የጀርመን የዲቪዲ ተከታታይ የወጣው «ሐምሌት» ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሴትየዋ፣ ቅጂ ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። አስታ ኒልሰን በ1881 ኮፐንሃገን ውስጥ ቬስተርብሮ በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለደች። አባቷ የሞተው ገና በልጅነቷ ነው፤ እናቷ ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ነበር። የሮያል ቴአትር የተዋንያን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፣ ቀጥሎ በዳግማር ቴአትር ሠራች፣ ከተጓዥ ቡድኖች ጋር ኖርዌይንና ስዊድንን ዞረች፣ ከ1907 ጀምሮ ደግሞ «አዲሱ ቴአትር» በሚባለው የኮፐንሃገን መድረክ ላይ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ሳይቀራት ዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አይሰጧትም ነበር። በ1910 ኡርባን ጋድ የተባለው የቴአትር ባልደረባዋ አንድ የፊልም ጽሑፍ አዘጋጀላት። ዓላማቸው የፊልም ኮከብ መሆን አልነበረም፤ የቴአትር ዳይሬክተሮች ፊልሙን አይተው ትልቅ ሚና እንዲሰጧት ነበር። ፊልሙ በዚያው ዓመት መስከረም 12 ቀን ኮፐንሃገን ኮስሞራማ ሲኒማ ውስጥ ታየ፤ ርዕሱ «አፍግሩንደን» ነው፣ «ገደሉ» ማለት ነው። ትልቁን ሚና ያመጡላት የቴአትር ዳይሬክተሮች ሳይሆኑ የጀርመን የፊልም ነጋዴዎች ሆኑ። በ1911 ከጋድ ጋር ወደ ጀርመን ሄደች፣ በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ። ከ70 በላይ ፊልሞች ሠርታለች፤ ከእነዚህ መካከል ዴንማርክ ውስጥ የተሠሩት አራት ብቻ ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለተመልካቹ ቁልፍ ነው። የዴንማርኩ ገጽ የያዘው የዴንማርክን ፊልሞች ነው። አራቱ «አፍግሩንደን» (1910)፣ «የባሌት ዳንሰኛዋ» (1911)፣ «ጥቁሩ ሕልም» (1911) እና «ወደ ብርሃን» (1919) ናቸው። የጀርመኑን ሥራዋን እዚያ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ «አስታ ኒልሰን ማለት ይህች ብቻ ነች» ብሎ መደምደም ቀላል ነው።

ገጹ ሲከፈት

ክፍያ የለውም። የፊልሙን ሥዕል ተጭኖ ማጫወት ብቻ ነው። ከዴንማርክ ድምፅ አልባ ዘመን የተረፉና በዲጂታል የተገለበጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች አሉበት፤ ገጹን ወደ እንግሊዝኛ መቀየርም ይቻላል። መፈለጊያው ላይ የተዋናይዋን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ በቂ ነው። በርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ ግን የዴንማርክኛውን ርዕስ ተጠቀሙ፤ በእንግሊዝኛ ርዕስ ሲፈልጉት አልገኝ ብሎ ያደናግራል። ፊልሙ ሲጀምር በንግግርና በትዕይንት መካከል የሚገባው የጽሑፍ ካርድ በዴንማርክኛ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ማጫወቻው ላይ የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ መብራቱን አረጋግጡ።

የምስሉ ጥራት የገጹ ትልቁ ጥንካሬ ነው። በሌላ ቦታ የሚዞሩት የ«አፍግሩንደን» ቅጂዎች ብዙዎቹ ከቪዲዮ ካሴት የተነሡ ናቸው፤ የተዋናይዋ ፊት ነጭ ሽፋን፣ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ነጥብ ብቻ ይሆናሉ። ኢንስቲትዩቱ ያስቀመጠው ከፊልሙ ጥቅል በቀጥታ የተቃኘ ምስል ነው። በዚያ ላይ የጨርቁን ሽመና፣ የግድግዳውን ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዐይን ሽፋሽፍቷን መውረድ ታያላችሁ። ጭረቱ፣ የሚርገበገበው ብርሃንና አልፎ አልፎ የጠፋው ክፈፍ (በፊልሙ ጥቅል ላይ ያለው አንድ ነጠላ ምስል) ግን አሉ፤ ኢንስቲትዩቱ ፊልሙን በኮምፒውተር አልወለወለውም። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በኮምፒውተር ጭረት የሚያጠፋ ፕሮግራም ሲበዛ አብሮ የሚጠርገው የፊት ቆዳን ዝርዝር ነው፤ ፊቷን ከወሰዳችሁባት ደግሞ ምን ቀራት?

ዳታ ይበላል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ ምስል ለ37 ደቂቃ ያህል ሲታይ ወደ 1.4 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በ1.5 ሜጋቢት ደግሞ ወደ 400 ሜጋባይት። «አፍግሩንደን» ወደ 37 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ይህ ስሌት በቀጥታ ይሠራል። በስልክ ጥቅል የምታዩ ከሆነ ጥራቱን መካከለኛ ላይ አድርጋችሁ በትንሽ ስክሪን ማየቱ ያዋጣል፤ በቴሌቪዥን ወይም በፕሮጀክተር ከሆነ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጠብቁ። የገጹ አሠራር በኢንተርኔት እያፈሰሱ ለማየት እንጂ አውርዶ ለማስቀመጥ አይደለም። ለትምህርት ቤት ወይም ለፊልም ክበብ የምታሳዩ ሰዎች ይህን ቀድማችሁ አስቡበት፤ ኔትዎርኩ መሀል ላይ ሲቆም የ«አፍግሩንደን» የዳንስ ትዕይንት ላይ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

ፍጥነት

አብዛኛው ቅጂ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በ1910 ካሜራው የሚሽከረከረው በእጅ ነበር። የቀረጻው ፍጥነት በሰከንድ ከ16 እስከ 18 ክፈፍ አካባቢ ይዋዥቃል። የድምፅ ፊልም ከመጣ በኋላ መለኪያው 24 ሆነ። በ18 የተቀረጸን ፊልም በ24 ብታጫውቱት ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይፈጥናል። በ16 የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ በግማሽ።

በእጃችሁ ያለው ቅጂ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡበት ቀላል ስሌት አለ። አንድ ሜትር የ35 ሚሊሜትር ፊልም 52 ተኩል ያህል ክፈፍ ይይዛል። ስለዚህ 1000 ሜትር ርዝመት ያለው ፊልም በ16 ሲጫወት ወደ 55 ደቂቃ፣ በ18 ወደ 49፣ በ24 ግን ከ36 ደቂቃ ተኩል አያልፍም። የድሮ ፊልሞች ርዝመት በሜትር ተመዝግቦ ስለሚገኝ የቅጂውን ደቂቃ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ነው። የጎደለው ደቂቃ ከፍጥነት ብቻ ላይመጣ ይችላል፤ የተቆረጠ ክፍልም ሊኖር ይችላል። ለመለየት የሰው እርምጃ ተመልከቱ። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው የሚንደረደር ከመሰለ ፍጥነቱ ነው፤ እርምጃው ደህና ሆኖ ታሪኩ ዘሎ ከሄደ ደግሞ የጠፋ ክፍል አለ።

በ24 የተጫነ መጥፎ ቅጂ ብቻ ካላችሁ መድኃኒት አለው። አብዛኛው ማጫወቻ የፍጥነት ማስተካከያ አለው፤ 0.75 ላይ አድርጉት። 18 በ24 ሲካፈል በትክክል 0.75 ነው። ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ የሚጠቀም ሰው በምናሌው ላይ የማጫወቻ ፍጥነት የሚለውን ከፍቶ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ፒያኖ ከተጫነበት ሙዚቃው ስለሚንቀረፈፍ ድምፁን አጥፉት።

ቴሌቪዥን ላይ የምታዩ ከሆነ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ የምስሉ ቅርጽ 4 ለ 3 መሆን አለበት፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑን ለመሙላት ከለጠጠው ቀጭኗ ሴት ትወፍራለች፣ ከላይና ከታች ከቆረጠው ደግሞ እግር ወይም ግንባር ይሄዳል። የዚያ ዘመን ቀረጻ ሰውን ከራስ እስከ እግር ስለሚያሳይ የሚቆረጠው ትርፍ ቦታ ሳይሆን ትወናው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን ለማለስለስ በክፈፎች መካከል የራሳቸውን ክፈፍ እየፈጠሩ ይጨምራሉ። ይህን ከቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ካላጠፋችሁት ፊት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ እንደ ውኃ ይፈሳል።

ስለ ድምፅ፦ ገጹ ላይ ብዙዎቹ ፊልሞች ሙዚቃ የላቸውም። ማጫወቻው ተበላሽቶ አይደለም። ዝምታው ከከበዳችሁ ግጥም የሌለው የፒያኖ ሙዚቃ ብቻውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ክፈቱ፤ የ«አፍግሩንደን» ዋና ገጸ ባሕርይ የፒያኖ አስተማሪ ስለሆነች ይስማማል። ዘፈን ግን አትክፈቱ። ቃል ሲሰማ ዓይን ከስክሪኑ ይሸሻል።

«አፍግሩንደን»ን ሲያዩ ምን ላይ ማተኮር ይገባል

ማግዳ የተባለችው የፒያኖ አስተማሪ ትራም ላይ ከአንድ የቄስ ልጅ ጋር ትተዋወቃለች፣ ወላጆቹ ዘንድ ገጠር ትሄዳለች፣ ሰርከስ ሲመጣ ግን ከአንዱ የሰርከስ አርቲስት ጋር ትኮበልላለች። ፖል ሮይመርት የተጫወተው ይህ አርቲስት ይከዳታል፣ ያዋርዳታል፣ በመጨረሻም በቢላ ወግታ ትገድለዋለች። በወረቀት ላይ ሲነበብ ተራ የጋዜጣ ወሬ ነው። ወደ ፊልም የለወጠው አሠራሩ ነው።

የጽሑፍ ካርዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ድረስ ካሜራው ሳይቆረጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚያ ዘመን ከመድረክ የመጣ ተዋናይ ካሜራ ፊት ሲቆም የተለመደው ነገር እጅን ማወናጨፍ ነበር፤ ምክንያቱም በቴአትር ቤት ከመጨረሻው ረድፍ ያለ ሰው እንዲያይ ተደርጎ የተማረው እንደዚያ ነው። ኒልሰን የተገላቢጦሹን አደረገች። እጇን አሳርፋ ሰውነቷን በሙሉ ቀስ ብላ ታዞራለች፤ ስሜቱ ከዓይኗ ጀምሮ ወደ አንገቷ፣ ከዚያ ወደ ትከሻዋ ይወርዳል። ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ የምትቆምባቸው ጊዜያት አሉ፤ ፊቷን ሳናይ ምን እንደተሰማት ከጀርባዋ እናነባለን። መድረክ ያስተማራት ነገር ይህ ነው፦ ሰውነትን መቆጣጠር። የተወችው ደግሞ ማጋነኑን።

ስለ ዳንሱ ብዙ ተብሏል፤ በአንዳንድ አገሮች ሳንሱር የቆረጠውም እሱን ነው። ጠባብ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ሰውየውን በገመድ ታስራለች፣ ከዚያም ዙሪያውን እየተጠጋች ትደንሳለች። ካሜራው እንደ ቴአትር ተመልካች ፊት ለፊት አልተቀመጠም፤ ከመድረኩ ጎን ሆኖ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለታዳሚው የምታቀርበውን ትርኢትና በእሷና በሰውየው መካከል ያለውን እውነተኛ ነገር በአንድ ላይ እናያለን። እዚህ ላይ የምትመለከቱት ዳሌዋን ብቻ ከሆነ ዋናው ያመልጣችኋል፤ ፊቷን ተከተሉ። የምታስረው እሷ ነች፣ የተሸነፈችውም እሷው ነች፣ ሁለቱም ፊቷ ላይ አሉ። ሳይቆራረጥ በአንድ ቀረጻ ስለሆነ ተዋናይዋን የሚያድን አርታኢ አልነበረም።

መጨረሻውን ደግሞ ደጋግማችሁ እዩት። ግድያው ከተፈጸመ በኋላ በፖሊሶች መሀል ስትወጣ አትጮህም፣ አትወድቅም። ፊቷ ባዶ ነው፤ እግሯ ብቻ ይራመዳል። ቅጂው ከፈጠነ ይህ ትዕይንት እስር ቤት ለመድረስ የቸኮለች ሴት ይመስላል። በትክክለኛው ፍጥነት ግን በ1910 ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ይህን የሚያህል ጸጥታ የሚገኝበት እጅግ ጥቂት ነው።

ፊቷ ለምን እንደዚህ ነጭ፣ ዓይኗና ከንፈሯ ለምን እንደዚህ ጥቁር ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ በከፊል ኬሚስትሪ ነው። የዚያ ዘመን የፊልም ጥቅል ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ብርሃን እንጂ ለቀይ አይነቃም። ቀይ ከንፈር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የቀላ ጉንጭ ይጨልማል፣ ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ነጥቶ ሊጠፋ ይችላል። ትልልቅና ጥቁር ዓይን ያላት ኒልሰን ከዚህ ተጠቅማለች። የምስሉን ንጽጽር (የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት) ከፍ አድርገው የሚያስተካክሉ ሰዎች ይህን ጥቅም ያበላሹታል፤ ቴሌቪዥናችሁ ላይ «ደማቅ» የሚለውን ቅንብር ሳይሆን ለፊልም የተዘጋጀውን ምረጡ።

ከቀሩት ሦስቱ «ጥቁሩ ሕልም»ን አስቀድሙ። ዳይሬክተሩ ያው ጋድ ነው፣ አብሯት የሚጫወተው በዘመኑ የዴንማርክ ፊልም ትልቁ ኮከብ ቫልደማር ፕሲላንደር ነው። ታሪኩ ስለ ሰርከስ ፈረሰኛ፣ ስለ ቅናትና ስለ ጌጥ ስርቆት ሲሆን ከ«አፍግሩንደን» የበለጠ የተወለወለ፣ የዚያን ያህል ግን የማያስደነግጥ ነው። ኦገስት ብሎም ያዘጋጀው «የባሌት ዳንሰኛዋ» መካከለኛ ሥራ ነው። «ወደ ብርሃን» ሃይማኖታዊ መልእክቱ ተዋናይዋን ስለሚጫናት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያያት ሰው አይመከርም፤ ከጀርመን ተመልሳ አገሯ ውስጥ የሠራችው ብቸኛ ፊልም ስለሆነ ግን ሥራዋን በቅደም ተከተል ለሚያጠና ሰው አስፈላጊ ነው። አራቱም በ2005 ኢንስቲትዩቱ ባወጣው ዲቪዲ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ ኢንተርኔት የማይመቸው ሰው ያገለገለ ቅጂ ቢያገኝ ይጠቀምበታል።

የ«ሐምሌት» ዲቪዲ

ጀርመን ውስጥ የጠበቃት ነገር ከኮፐንሃገን ጋር አይነጻጸርም። በርሊን አጠገብ ባቤልስበርግ ውስጥ በመስታወት የተሠራው የመጀመሪያው ስቱዲዮ ሲከፈት፣ በየካቲት 1912 እዚያ የተቀረጸው የመጀመሪያ ፊልም የእሷና የጋድ «የሞት ዳንስ» ነበር። ፊልሞቿ በየወቅቱ በተከታታይነት ገና ሳይሠሩ በስሟ ብቻ ለሲኒማ ቤቶች ይሸጡ ነበር። አንድ ተዋናይ በስሟ ገበያ ስትከፍት በአውሮፓ ይህን ያህል ስፋት ከያዙት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነች። አሳዛኝ ድራማ ብቻ አልነበረም የምትሠራው፤ በ1914 በወጣው «እንግላይን» ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆና የ12 ዓመት ልጅ መስላ እንድትታይ የተገደደች ወጣት ተጫውታ አስቃለች።

ከዚያም የራሷን የፊልም ድርጅት አቋቁማ «ሐምሌት»ን አወጣች። ዓመቱ 1921፣ ዳይሬክተሮቹ ስቬንድ ጋዴና ሃይንትስ ሻል ናቸው። የዚህ ፊልም መነሻ ከሼክስፒር ተውኔት ይልቅ በ1881 ኤድዋርድ ቪኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ያቀረበው «ሐምሌት ሴት ነበረች» የሚል መላ ምት ነው። ንግሥቲቱ ባሏ በጦርነት ሊሞት ነው ብላ ዙፋኑ እንዳይጠፋ የወለደቻትን ሴት ልጅ ወንድ ነው ብላ ታውጃለች፤ ንጉሡ ግን ድኖ ይመለሳል፣ ውሸቱም በዚያው ይጸናል። ያደገችው ሐምሌት ጓደኛዋን ሆራሺዮን ትወዳለች፤ እሱ ደግሞ ኦፌልያን። እሷም ሆራሺዮን ከኦፌልያ ለማራቅ ኦፌልያን የምትወድ መስላ ትቀርባለች።

እነዚህን ሦስት ሰዎች በአንድ ክፈፍ ውስጥ ስታዩአቸው የኒልሰን ችሎታ ጫፉ ይታያል። አፏ ለኦፌልያ እንደ ወንድ ፍቅር ያወራል፣ ዓይኗ ግን ሆራሺዮ ላይ ነው። ይህን በድምፅ ልትናገረው አትችልም፤ በጽሑፍ ካርድ ቢገለጽም ይቀልላል። በመጨረሻ ሆራሺዮ የሞተችውን ሐምሌት ሲደግፍ እጁ ደረቷ ላይ ያርፋል፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ይረዳል። ስትቀረጽ ወደ 40 ዓመቷ ተጠግታ ነበር፤ ተማሪ ወጣት መሆኗን ግን አንድም ጊዜ አትጠራጠሩም። ወንድ ለመምሰል ማጋነን አላስፈለጋትም፤ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ፣ ካባዋን ወደ ኋላ ስትወረውር፣ ሰይፏን ሳታየው ስትይዝ ነው ወንድ የምትሆነው።

ዲቪዲው ላይ ያለው ቅጂ ለብዙ ዘመን ከሚታየው ጥቁርና ነጭ ቅጂ ይለያል። ቀለም የተነከረ የድሮ የጀርመን ቅጂ ተገኝቶ ፍራንክፈርት ላይ ባለው የጀርመን ፊልም ኢንስቲትዩት ታደሰ፤ በ2007 በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሚካኤል ሪስለር ባዘጋጀው አዲስ ሙዚቃ ቀረበ። የቀለሙ ነገር ለጌጥ አይደለም። በዚያ ዘመን ሌሊት የሚቀረጸው በቀን ብርሃን ነበር፤ ሌሊት መሆኑን የሚነግረን የተነከረበት ሰማያዊ ቀለም ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ሌሊቱ ቀን ይሆናል፣ ተመልካቹም ሰዎቹ ለምን ችቦ እንደያዙ ግራ ይገባዋል። በተለይ ሐምሌት የአባቷን ገዳይ ከነአዳራሹ በእሳት የምታጋይበትን ክፍል ያለ ቀለም ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። የሪስለር ሙዚቃ ዘመናዊና ሻካራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከትወናው በላይ ይጮኻል። ለዚህ ነው ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ድምፁን ዝቅ ማድረጉ የሚመከረው። በዚሁ እትም ላይ ከ1913ቱ «የፊልም ፕሪማዶና» የተረፈው ቁራጭም አለ፤ አጭር ቢሆንም ተዋናይዋ የራሷን ሙያ ስትጫወት የምትታይበት ስለሆነ ዋጋ አለው።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ዲስኩ የክልል ገደብ የለውም፣ አሠራሩ ግን ፓል የተባለው የቪዲዮ ሥርዓት ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና ኢትዮጵያ ውስጥ ችግር የለም። አሜሪካ ያላችሁ ግን ብዙ የቤት ማጫወቻዎች ፓል ስለማያነቡ በኮምፒውተር ማየቱ ይሻላል፤ አዲስ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ ስለማይኖረው በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ላይ በእንቅስቃሴ ጊዜ የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስሉ አግድም መስመሮች ካያችሁ ቪኤልሲ ውስጥ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብሩ። መስመሮቹ የሚመጡት በዝግታ የተቀረጸው ፊልም በሰከንድ 25 ክፈፍ ወደሚያሳየው ፓል ሲገባ የአንዱ ክፈፍ ግማሽ መስመሮች ከሌላው ክፈፍ መስመሮች ጋር ስለሚቀላቀሉ ነው። የጽሑፍ ካርዶቹ በጀርመንኛ፣ የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ፖስታው ከዋጋው ውጭ ለብቻው ስለሚታሰብ ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካለ በእሱ ማስመጣቱ ርካሽ ነው። ለአንድ ዲቪዲ ዋጋው ከበድ ያለ ነው፤ ቀለም የተነከረው ቅጂ በደህና ጥራት ስለሚገኝበት ግን መግዛቱ ያዋጣል።

ከዚህ በኋላ መቀጠል የሚፈልግ ሰው በዚሁ ተከታታይ የወጣውን «ደስታ የሌለው ጎዳና» (1925) ይፈልግ። ዳይሬክተሩ ጂ. ደብሊው. ፓብስት ነው፤ ታሪኩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብ ዋጋ ባጣበት ቪየና ውስጥ ይካሄዳል። ኒልሰን ማሪያ ሌክነር የምትባል ድሃ ልጅ ሆና ትጫወታለች፤ ሌላኛዋ ዋና ተዋናይ ገና ወጣት የነበረችው ግሬታ ጋርቦ ነች። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊልሙ በየአገሩ በሳንሱር ሲቆራረጥ በብዛት የተጣለው የማሪያ ታሪክ ነበር፤ ጋርቦ ከታወቀች በኋላ ደግሞ ቅጂዎቹ በእሷ ስም ይሸጡ ጀመር። የሙኒክ ፊልም ሙዚየም የተቆራረጡትን ቅጂዎች ሰብስቦ መልሶ የገጣጠመው ወደ 150 ደቂቃ ይሄዳል። ሽፋኑ ላይ የጋርቦ ፊት ብቻ ያለበት፣ አንድ ሰዓት ከግማሽ ገደማ የሚል ዲስክ ካጋጠማችሁ አትግዙት፤ ኒልሰን እዚያ ውስጥ ያለችው በጥቂቱ ነው።